የኦቦ ደበላ ጉልበት

ልጅ ሳለሁ ሰበታ ውስጥ፣ ጅማ መንገድ ዳር ባለው የአባቴ ሱቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ያኔ ፋኖሱ ተለኩሶ፣ የከሰሉን ፍም አመድ ሸፈን ሲያደርገው፣ የእድራችንን ድንኳን የሚተክሉት ኦቦ ደበላ ተረት ይጀምሩልናልና። ታናሽ እህቴ ሰሚራ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት እንኳ ከአጠገባቸው አትነሳም።

አንድ ምሽት ስለ አንድ ጉልበተኛ ነገሩን። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ የሰርጉ ድንኳን ወደ አንድ ጎን ያዘምማል፤ ጉልበተኛው የላላውን ገመድ ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጦ ሲስብ ሸራው ለሁለት ይቀደዳል። እዚህ ላይ አቆሙና እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር አሉን። እኔ ታላቅ ነኝና ፈጠን ብዬ፣ ሰው ጨምሬ እስባለሁ አልኩ።

«በወዲያኛው ጎን የጠበቀውን ገመድ ትንሽ ባላላውስ?» አለች ሰሚራ።

ሽማግሌው ሳቁና ተረቱን እሷ እንዳለችው ጨረሱት። እኔ ደህና አድርጌ አኮረፍኩ።

ዛሬ ሰሚራ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ናት። ይህን ስናገር ደረቴ ይነፋል፤ ይነፋ። አምና የኦቦ ደበላ እግር ጉልበቱ ላይ ወደ ውጭ ጎብጦ ከአልጋ መውረድ ሲያቅታቸው፣ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይግባላቸው ተባለ። እሳቸውም ከሰሚራ በቀር ማንም አይነካኝም አሉ። የብዙ ሰው ጉልበት ቀይራለች፣ የእሳቸውን ግን ፈራች። ዋዜማውን እንዳስረዳችኝ፣ ብረቱን መግጠሙ ብቻ አይበቃም፤ ጉልበቱን ግራና ቀኝ የያዙት ጅማቶች እግሩ ሲዘረጋም ሲታጠፍም እኩል መወጠር አለባቸው። የእሳቸው የውስጥ በኩሉ ለዓመታት ተኮማትሯል፣ የውጭ በኩሉ ረግቧል። ስለዚህ የተኮማተረውን በጥቂት በጥቂቱ እያላሉ፣ እግሩን እየዘረጉና እያጠፉ መፈተሽ ነው።

«አብዝቼ ካላላሁት መመለሻ የለውም፤ ጉልበታቸው አይጸናም» አለችኝ።

ተረቱን ላስታውሳት አሰብኩና ተውኩት፤ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

ከወራት በኋላ ኦቦ ደበላ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በእግራቸው ሱቅ ድረስ መጡ። ልጆቼ ከበቧቸው።

«ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ፣ ይህ የአክስታችሁ ሥራ ነው» ብለው እግራቸውን አጥፈው ዘረጉላቸው።

ሲሄዱ ደግፌ ልሸኛቸው ብነሳ በእጃቸው መለሱኝ። ቀጥ ብለው መንገዱን ሲይዙ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ እንባዬ መጣ፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ አስቁሜ እህቴ ናት ማለት አማረኝ። ያን ተረት የሰማነው ሁለታችንም ነን። ለእኔ የቀረልኝ ትዝታው ነው፤ ለእሷ የቀረላት ግን ሰው አቁሞ ያስኬዳል።