እንግዳው እስኪሄድ

ትናንት በስደት ባለሁባት የወደብ ከተማ፣ ሄሮን በሚሉት የፈረንጅ ሰፈር፣ በዘበኝነት በምሠራበት ግቢ፣ የቤት ሠራተኛዋ ያገራችን ልጅ ፈረንሳዩን ጌታዋን «እሺ ሙሴ»፣ እሺ ጌታዬ ማለቷ ነው፣ ስትለው ሰማሁና አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ግሪክ ነበር። ግሪክ ይባል እንጂ ድሃ ነው፤ ኤረር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሽንኩርት እየቆፈረ፣ በጆንያ የተጣፈ ሱሪ ለብሶ ነው ያሳደገኝ። እናቴ ያገሩ ልጅ፣ ኦሮሞ ናት።

አንድ ቀን ድሬዳዋ የሚነግድ ሀብታም አጎቱ ሊጠይቀው መጣ። አባቴ አስቀድሞ ትከሻዬን ይዞ፣ «እንግዳው እስኪሄድ አባባ እንዳትለኝ። ሙሴ በለኝ» አለኝ። እናቴም ነጠላዋን አሸርጣ እንደ ገረድ ታሳልፍ ጀመር።

እንግዳው ዳቦ እየቆረሰ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለኝ።

«የሙሴ።»

ሳቀ። «አሽከርነትህማ ይታያል። አባትህን ነው የጠየቅሁህ።»

አባቴ ሽንኩርት ይልጣል፤ ቀና አላለም።

እንግዳው ሲሄድ እናቴ «አንተ አልዋሸህም፣ ልጄ። እሱም ፈርቶ ነው» አለችኝ። ምን እንደፈራ ያኔ አልገባኝም። አሁንም አልገባኝም ማለት ይሻለኛል።

ይኸው አርጅቼ ባልባላ በሚሉት የድሃ ሰፈር ተቀምጫለሁ። ልጆቼ አባባ ሲሉኝ ማንም ይኑር ማን አቤት እላለሁ። አባቴን ግን ከዚያ ቀን በኋላ አባባ ብዬው አላውቅም። እሱም አባባ በለኝ ሳይለኝ ሞተ።