ባሻ ድንበሩን የመግደል ፈቃድ

ሀብተየስ ጅግጅጋ መናኸሪያ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሰው ግን አላስቀምጥ ብሎታል፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ይስቁበታል። የባቢሌው ሾፌር ዐብዲወሃብ የዘይት ፊልትሮ ሲጠይቅ «ይሄ ለአንተ መኪና አይሆንም» ቢለው፣ «ዋላሂ ባሻ፣ በሳቅ ትገድለናለህ!» ብሎ ወስዶት ሄደ። በማግስቱ አልገጥም አለኝ ብሎ ሊደበድበው መጣ።

«ባሻ» ማለት ባሻ ድንበሩ ነው፤ ሀብተየስ ስድስት ዓመት ሙሉ በበዓል መድረክ የሚጫወተው፣ ጡረታ ወጥቶም ማዘዝ ያልተወ፣ ፍየሎችን በሰልፍ የሚያቆም ሽማግሌ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት ነበር። አሁን ግን አንገፍግፎታል። ጥርሱን አሞት ክሊኒክ ሄዶ ሲያቃስት ነርሷ ሱዓድ እንባዋ እስኪፈስ ስቃ «እስቲ ድገመው» አለችው። ዝና ይሄ ከሆነ ለጠላቱም አይመኝም!

ስለዚህ ለ1999 እንቁጣጣሽ ባሻን ሊገድለውና አዲስ ሰው ሊያመጣ ቆረጠ፤ ዓመት ሙሉ የተለማመደውን፣ መናገር የሚፈራ ሙሽራ። ጽሑፉን በሦስት ቅጂ አድርጎ፣ ፕሮግራሙን ለሚያጸድቁት ለአቶ ኃይለጊዮርጊስ ወሰደ።

«ባሻ መሞት አይችልም» አሉት አቶ ኃይለጊዮርጊስ፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው።

«የፈጠርኩት እኔ ነኝ እኮ!»

«ቢሆንም ዕቅድ ውስጥ ገብቷል። ጥቅምት ላይ የክትባት ዘመቻ አለበት፤ ኅዳር ላይ ጽዳት። መታመም ግን ይችላል። ቀለል ያለ ሕመም።»

ሀብተየስ ደሙ ፈላ። ሰው የገዛ ፍጡሩን ለመቅበር ማመልከቻ ይጽፋል? በበዓሉ ቀን ማንንም ሳያስፈቅድ መድረክ ላይ ወጣ፤ «ባሻ ድንበሩ ትናንት አርፏል» ብሎ የባሻን ካፖርት አወለቀ፣ አጥፎ መሬት ላይ አስቀመጠው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሙሽራውን ሲጀምር ግን «ባሻ! ባሻ!» እያሉ በፉጨት አስወረዱት። ይሁን፣ ተገላገልኩ አለ በልቡ።

በማግስቱ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ጥቁር ለብሳ ሱቁ መጣች።

«እማዬ፣ አንቺም ልታሾፊብኝ ነው?»

እናቱ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። አልሳቀችም።

«አባትህ ሲሞት ገና ጡት አልጣልክም ነበር። አካሄዱን፣ ቁጣውን፣ ከፍየሎቹ ጋር የሚጣላውን እኔ ነኝ የነገርኩህ። አንተ ፈጠርኩት ትላለህ፤ እኔም ዝም አልኩ፣ እንዳትተወው ብዬ።»

«እኔ እኮ...»

«ድምፁን ግን አልነገርኩህም። ድምፅ እንዴት ተብሎ ይነገራል? ከየት እንዳመጣኸው እንጃ። ስድስት ዓመት አዳራሽ የተመላለስኩት እሱን ልሰማ ነው።»

ሀብተየስ በጣም ተናደደ። ከሾፌሩ፣ ከነርሷ፣ ከአቶ ኃይለጊዮርጊስ ተርፎ፣ አሁን ደግሞ እናቱ! በእሷ እንዳይቆጣ እናት ናት፤ በአባቱ እንዳይቆጣ መልኩን እንኳ አያውቀውም። ሥራ የያዘ መስሎ ብሎኖቹን ከሣጥን ወደ ሣጥን አገላበጠ።

«ካፖርቱን ተወው» አለች እናቱ። «መድረኩንም ተወው። አንድ ጊዜ ብቻ በስሜ ጥራኝ።»

«እማዬ፣ በቃኝ እያልኩሽ እኮ ነው።»

እናቱ ከካርቶኑ አልተነሳችም። ጉሮሮውን ጠረገ፤ አፍሮም ተናድዶም ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

«አትጠገብ!» አለ በዚያ በባሻ ወፍራም ድምፅ።

«አቤት» አለች።