የተረሳው ስለት

ልብስ ሰፊው አቶ ሀብተየስ ጣሊያን ጥሏት የሄደውን አሮጌ መኪና በጎልማሳነታቸው ገዝተው፣ በተበላሸች ቁጥር ለአራዳው ጊዮርጊስ ሲሳሉ ኖረዋል። ራዲያተሩ ሲያፈስ ጧፍ፣ ማርሹ አልገባ ሲል ምንጣፍ፣ ሞተሩ የተከፈተ ጊዜማ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ! «ብቻ በትንሽ ገንዘብ ገላግለኝ!» ነበር ልመናቸው። በዚያ ሰሞን እህል ከጉሮሯቸው አይወርድም። ሚስታቸው ወይዘሮ የሺም ገና በር ላይ ፊታቸውን አይተው፣ «ዛሬ ደግሞ ምኗ ሄደ?» ይሉ ነበር።

ዓመታት አለፉ፤ ፀጉራቸው ሸበተ፣ ሹማምንቱ ሁሉ ሙሉ ልብስ የሚያሰፉት እሳቸው ዘንድ ሆነ። ታዲያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ያቺው መኪና የቸርችልን ዳገት አጋምሳ ፍሪሲዮኗ ተቃጠለና ቀጥ አለች። አቶ ሀብተየስ ወረዱ። መካኒክ አስጠርተው «አዲስ ግጠምላት» አሉና፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው በእግራቸው ወደ ሠራተኛ ሰፈር ቤታቸው አዘገሙ። ምሳቸውን ጥርግ አድርገው በሉ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አወሩ፣ ሳቁ።

እጃቸውን ሲታጠቡ ነው ድንግጥ ያሉት።

«ጉድ ፈላ፣ የሺ! ዛሬ እኮ ሳልሳል ቀረሁ!»

ወይዘሮ የሺ ማስታጠቢያውን እንደያዙ ግራ ገብቷቸው አዩዋቸው።

«ምነው፣ መኪናዋ ተበላሸች እንዴ?»