ጋሽ ተከስተ እቃቃ ሲማሩ

ጋሽ ተከስተ ሙያቸው ጎሚስታ ነው። ለገሃር አጠገብ ጎማ ሲለጥፉ ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም ተዉት። ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን በመርዶ ነጋሪነታቸው ነው። ማንም አልሾማቸውም። የእድራችን ሰው የጎረቤቱን ዘመድ ሞት ሰምቶ መንገር ሲያቅተው ማታውን እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። እሳቸውም ብዙ ሳይጠይቁ «እሺ፣ ጠዋት» ይላሉ።

የባለቤቴን የዳባን ሞት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ካዛንቺስ ሳይፈርስ ነው፤ ዳባ ለሥራ ሄዶ አዋሽ መንገድ ላይ ቀረ። ገና በደንብ ሳይነጋ ጋሽ ተከስተ በሬ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስከፍት ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል። ኩልሱምና ሌሎች የግቢው ሴቶች ከኋላቸው ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። መጀመሪያ የጣድኩትን ማንቆርቆሪያ ከምድጃው ላይ አወረዱ። ከዚያ አስቀመጡኝ፣ ሁለቱንም እጆቼን ያዙና ዳባን በሙሉ ስሙ ጠርተው ነገሩኝ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም። እጄን የያዙት ፊቴን እንዳልቧጭር መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። ስለዚያ ጠዋት ሌላ የምጽፈው የለኝም።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ የገዛ ልጃቸውን ሞት ለልጅ ልጃቸው መንገር ያቃታቸው።

ልጃቸው መድኃኒት በኩላሊት ሕመም ያረፈችው ሰፈሩ በፈረሰ ሰሞን ነበር። ሴት ልጇ ሰምሃል ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አባቷን አታውቀውም። ለቅሶውን እንዳታይ ቢሾፍቱ የእናቷ አክስት ቤት ላኳት። ሐዘንተኛው ሲበተን ጋሽ ተከስተ ሊያመጧት ሄዱና፣ እናትሽ ዱባይ ሥራ አግኝታ ሄደች አሏት። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ልብሳቸውን አወለቁ። ለለቅሶው ተብሎ በትልቁ የተሠራውን የመድኃኒትን ፎቶ በጨርቅ ጠቅልለው አልጋ ሥር ከተቱት። ቂርቆስ ቤት ተከራይተው ሲገቡ እኔና ኩልሱምም እዚያው አቅራቢያ ነበርንና፣ ለልጅቷ እንዳንነግራት ቃል አስገቡን። ካዛንቺስ እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ከአንዱ አፍ ያመልጥ ነበር። ጎረቤቱ ግን በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ የሚያወራ አልተገኘም።

ሰምሃል ቤት ውስጥ እምብዛም አታስቸግርም ነበር። ትምህርት ቤት ግን መናገር አቆመች። ስትጠራ ዴስኩ ሥር ትገባለች። በመጨረሻ መምህሯ ጋሽ ተከስተን አስጠርታ፣ ወላጆችን ከልጆቻቸው ጋር መጫወት የሚያስተምር ቦታ እንዳለ ነገረቻቸው። ቦታው ካዛንቺስ ነው፤ ሳይፈርስ በቀረው ወገን፣ አንድ ሕንፃ ላይ። እኔም ልጄ ለሊሳ ከአባቱ ሞት ወዲህ እየተማታ አስቸግሮኝ እዚያው እሄድ ነበር። ኩልሱምም የልጅ ልጇን ይዛ ትመጣለች።

አሠልጣኛችን ደራርቱ ወጣት ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ትምህርቱ ሲነገር ቀላል ነው። ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለህ። ለግማሽ ሰዓት መሪው ልጁ ነው። አትጠይቅም፣ አታስተምርም፣ አታርምም። ያየኸውን ብቻ ትናገራለህ፦ መኪናውን ገለበጥከው፣ አሻንጉሊቷን አስተኛሃት። ልጁ በጨዋታው ውስጥ አንድ ሰው ሁን ካለህ፣ በሹክሹክታ «ምን ላድርግ?» ትላለህ፣ ያለህን ታደርጋለህ። ተራ በተራ ከልጆቻችን ጋር ስንጫወት ሌሎቻችን ግድግዳ ሥር ተቀምጠን እናያለን።

ጋሽ ተከስተ ከእናቶቹ መሃል ብቸኛው ወንድ ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን ምንጣፉ ላይ መቀመጥ አፍረው ወንበር ጫፍ ላይ ሆነው አጎነበሱ። ሰምሃል ኩብ ስትደረድር፣ ይኼ ምን ቀለም ነው፣ ስንት ሆነ እያሉ ይፈትኗታል። ደራርቱ በእርጋታ፣ አይጠይቋት ብላ አረመቻቸው። ኩልሱም ዝም አላለችም።

«ጋሽ ተከስተ፣ ዕድሜ ልክዎን ጎማ ነፍተው አሁን ፊኛ ሊነፉ ነው?»

«አንቺስ በዚህ ዕድሜሽ እቃቃ ትጫወቺ የለ?»

«እኔማ ድሮም አላቆምኩም» አለች፤ ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው ኮፍያቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ። በኋላ ግን ምንጣፉ ላይ መቀመጡን ለመዱ።

አንድ ቀን ደራርቱ፣ የሰምሃል እናት ከዱባይ በስልክ ድምፅዋን ቀድታ ብትልክላት ለልጅቷ ጥሩ ነው አለች። ጋሽ ተከስተ ለደራርቱም ያንኑ ነበር የነገሯት። እኔና ኩልሱም ወለል ወለሉን አየን። እሳቸው ተነሥተው ኮሪደሩ ላይ ጠሯት። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ሆኗል። በኋላ እንዳጫወቱኝ፣ እውነቱን ሲነግሯት ደራርቱ አልተቆጣችም፤ ልጅቷ እውነቱን ከሌላ ሰው ከመስማቷ በፊት እርስዎ በግልጽ ቃል ይንገሯት ብቻ ነው ያለቻቸው። እሳቸውም «እሺ፣ ጠዋት» አሏት።

ጠዋቱ መጣ፣ ሄደ። ሌላም ጠዋት መጣ። በመንገድ ስንገናኝ እኔ ስላልጠየቅኳቸው የበለጠ ያፍሩ ነበር። ሰላምታቸው አጠረ። የመድኃኒት ሙት ዓመትም እየቀረበ ነበር፤ ለዝክሩ ቤታቸው ሰው ሲሰበሰብ ልጅቷ ከእንግዳ አፍ ልትሰማው ነው።

የሰምሃል ተራ የደረሰበት ያ ቀን ከሌላው ቀን የሚለየው ነገር አልነበረውም። ልጅቷ ገባች፣ አያቷ ፊት ቆመች፣ ከራሳቸው ላይ ኮፍያውን አንሥታ እሷ ደፋችው። ዓይኗን ሸፈናት።

«አባባ፣ አንተ ሰምሃልን ሁን። እኔ አንተን ልሁን።»

«ምን ላድርግ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ተኝተሽ ነበር፣ አሁን ነቃሽ።»

ኩቦቹን ወስዳ በግድግዳው ጥግ አቆመቻቸው። እነዚህ ሴቶቹ ናቸው፣ አያወሩም አለች። ከዚያ በሩ ጋ ሄዳ ጉሮሮዋን ጠረገች። ኮፍያውን አወለቀች። ወደ ትንሿ የፕላስቲክ ምድጃ ሄደችና የመጫወቻውን ማንቆርቆሪያ አንሥታ ወለል ላይ አስቀመጠችው።

እኔ ያን ጊዜ ገባኝ። የእኔ ጠዋት ነበር። ዳባ የሞተ ጊዜ ሰምሃል አያቷን ተከትላ ወጥታ በራችን ላይ ቆማ ኖሯል፤ ማንም ልብ አላላትም። ኩልሱም ክንዴን ያዘችኝ።

«ቁጭ በይ» አለች ሰምሃል። ጋሽ ተከስተ ተቀምጠው ስለነበር ቀና ብለው እንደገና ተቀመጡ። ሁለቱንም እጆቻቸውን ያዘች። ትልልቅ ናቸው፤ የእሷ ጣቶች አልዞሯቸውም።

«እጆቼን ይዘሻል» አሉ፤ እንደተማሩት።

እጆቻቸውን እንደያዘች ቀረች።

«ምን ላድርግ?»

«አላውቅም። አንተ እዚህ ጋ ነው ያቆምከው።»

እሷ ያለ ቁጣ፣ የረሱትን እንደምታስታውሳቸው ሁሉ፣ ቀጠለች።

«ቢሾፍቱ ስትመጣ ኮፍያህን አወለቅህ። ቁጭ አደረግኸኝ። እጄን ያዝክ። ከዚያ ዱባይ አልክ። ለለሊሳ እናት ግን ጨርሰህላት ነበር።»

ብዙ ለቅሶ ቤት አይቻቸዋለሁ፤ አንገታቸውን እንደዚያን ቀን ደፍተው አላየሁም። ፊታቸውን የሚሸፍኑበት ኮፍያ እንኳ በእሷ እጅ ነበር። ደራርቱ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ማስጠንቀቂያ ትሰጥ ነበር፤ ያን ቀን አልሰጠችም። ሰምሃል ትንሽ ጠብቃ ኮፍያውን መልሳ አናታቸው ላይ አደረገችላቸውና ኩቦቹን ለቅማ ቤት መሥራት ጀመረች።

በዚያው ማታ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ተከስተ ናቸው፤ አልገባም አሉ።

«ነገ ጠዋት ሰው ያስፈልገኛል። አንቺና ኩልሱም።»

«ለማን ነው?» አልኩ፣ ሌላ ሰው የሞተ መስሎኝ።

«ለሰምሃል።» ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር። «ሕፃን ናት እያልኩ ነው የቆየሁት። ሕፃን ሆና አይደለም። እኔ ፈርቼ ነው። ገብቷት ስታስታምመኝ ከርማለች እኮ።»

«እሺ፣ ጠዋት» አልኳቸው።

ሊነጋጋ ሲል እኔና ኩልሱም በራቸው ላይ ደረስን። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ድምፅ ይሰማል። እሳቸው ውጭ ቆመው ጠበቁን፤ ሻይ ጥደው፣ ልጅቷን በተኛችበት ትተው ቀስ ብለው ነበር የወጡት። እኛ ግድግዳውን ተጠጋን። ኩልሱም እንኳ አልተናገረችም። ጋሽ ተከስተ የገዛ ራሳቸው በር ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ገቡ። እኛም ተከተልናቸው።

ሰምሃል ተነሥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ምድጃው ጠፍቷል። ማንቆርቆሪያው ወለል ላይ ወርዷል።

ጋሽ ተከስተ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እጆቿን ያዙ። መርዶ በነገሩበት በዚያ ሁሉ ዘመን የሟች አባት ስም ብለው የራሳቸውን ስም ጠርተው አያውቁም።

«መድኃኒት ተከስተ ሞታለች። እናትሽ ሞታለች፣ ልጄ። ዱባይ ያልኩሽ ውሸት ነው።»

«አሁን ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ፊቷን አልቧጨረችም፤ እሳቸው ግን እጆቿን አልለቀቁም። አይዞሽ አላሉም፣ አታልቅሺ አላሉም። ደራርቱ ያስተማረቻቸውን ነው ያሉት። «እያለቀስሽ ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተውም፣ «እጄን አጥብቀሽ ይዘሻል» አሉ። ፊታቸውን ወደ እኛ ማዞር አልቻሉም።

ብርሃን በደንብ ሲገባ ኩልሱም ነጠላዋን አጣፍታ ማንቆርቆሪያውን ከወለል አነሣችና መልሳ ጣደችው።