አባቴ ስድስት ቡሎን ብሎኝ ነበር

መንገዱን የሚያሰፉት ሰዎች መጥተው አጥራችን ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። አጥሩ ሥር የቆመው ቫን እስከ ጁምዓ ካልተነሣ ብረት ቆራጭ አምጥተን ቆራርጠን እናወጣዋለን ብለውን ሄዱ።

ቫኑ የአባቴ ነው። ድሮ የወታደር አምቡላንስ ነበር፤ አባቴ በጨረታ ገዛውና ከከሚሴ ሰንበቴ ሰው ያመላልስበት ጀመር። እኔ ራሴ የተወለድኩት እሱ ውስጥ ነው፤ እናቴን ወደ ደሴ ይዟት ሲሄድ፣ ገና ኮምቦልቻ እንኳ ሳይደርሱ። ታዲያ የዚህ መኪና ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ችግሩ ጎማ የለውም። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ድንጋይ ላይ ተጎልቶ ነው የማውቀው። አባቴ ዕድሜውን እሱ ላይ ጨርሷል፤ ሞተሩን አድሷል፣ ወንበሩን አሰፍቷል፣ ቀለሙ በለቀቀ ቁጥር ያንኑ የወታደር አረንጓዴ ይቀባዋል። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነሥቶ መሪውን ይዞ ይቀመጣል፤ የትም አይሄድም። ጎማው የት ሄደ ሲባል «ሰው ጋ ነው» ይላል። ማን ጋ? «ሰው ጋ ነው አልኩሽ እኮ!» ይልና ይቆጣል። ወላሂ፣ ከዚህ ሌላ ወሬ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ቀዩን ቀለም ካየሁ በኋላ ግን እኔም ተቆጣሁ። «አባ፣ የጎማውን ልክ ብቻ ንገረኝ። መሬት ቆፍሬም ቢሆን አመጣልሃለሁ» አልኩት። ወደ ቫኑ አየት አደረገና «ቸርኬው አሥራ አምስት ነው። ቡሎኑ ስድስት» አለኝ።

በገበያው ቀን ሰንበቴ ሄድኩ። እዚያ የማይሸጥ ነገር የለም ብዬ ነበር። በግመልና በፍየል መሃል እየተጋፋሁ የባለጋሪውን ሁሉ ጎማ ጎንበስ ብዬ ስቆጥር ሰዉ ሳቀብኝ። አንድ የአፋር ነጋዴ ጎማ ላይ ተቀምጦ ፍየል ይሸጣል፤ በግድ አስነሥቼው ባየው ልኩ አሥራ ሦስት ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። በመጨረሻ አንድ አሮጌ ብረት የሚሸጥ ሰው ጓሮ ውስጥ ባለስድስት ቡሎን አራት ቸርኬ ከነጎማው አገኘሁ። ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ስመለስ ደስታዬ ለጉድ ነበር።

ከሚሴ ካለው ጎሚስታ ጋር ልንገጥመው ብንል ቸርኬው አልገባም አለ። ጎሚስታው ላቡን ጠረገና «እህቴ፣ ይኼ መኪና እኮ አምስት ቡሎን ነው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ። አምስት። ዞሬ በሌላው በኩል ቆጠርኩ። አምስት! ሜትሩን አውጥቶ ሲለካውም የሚፈልገው ቸርኬ አሥራ አምስት ሳይሆን አሥራ ስድስት ሆኖ አረፈው።

ግራ ገባኝ። አባቴ እኮ ዓይኑን ጨፍኖ ይህን መኪና ፈትቶ የሚገጥም ሰው ነው። ስጠይቀው «እንግዲህ አርጅቻለሁ፤ ተሳሳትኩ» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ኧረ በአላህ፣ ሰው የገዛ እጁን ጣት ይሳሳታል? አእምሮው እየከዳው ይሆን ብዬ ፈራሁ። ጎሚስታው ደግሞ ራሱን እያከከ ሌላ ጣጣ ጨመረብኝ። «አምስት ቡሎን፣ አሥራ ስድስት… ይኼ የድሮ የወታደር ልክ ገበያ ላይ የለም። ግን እዚሁ ከተማችን የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ። የት ነበር ያየሁት?» አለ። አላስታወሰም። ቀኑ ግን እየሄደ ነው።

ረቡዕ ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት አረፉ። ወዲያው የሰፈራችን ቅሬ ደረሰ። ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ አግዳሚውን በሁለት ጋሪ ጭኖ የሚመጣው ቅሬው ነው፤ ልጅ ሆኜም እነዚያ ጋሪዎች ሲመጡ ለቅሶ እንዳለ አውቅ ነበር። ከሴቶቹ ጋር አንዱ ጋሪ ጥግ ተቀመጥኩ። መቁጠር ለምዶብኝ ኖሮ ዓይኔ ጎማው ላይ አረፈ። አምስት ቡሎን። ሰዉ እያየኝ ተንበርክኬ ጭቃውን በጥፍሬ ፋቅሁት። ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ።

የቅሬው ዳኛ አይተውኝ መጡ። «ምን ጠፋሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ይኼ ጎማ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የቅሬው ነዋ። አባትሽ ነው የሰጠን። እናትሽ የሞተች ዕለት ያ ዝናብ ነበር፤ ጋሪዎቹ ጎማቸው አልቆ ጭቃው ውስጥ ቀሩ። ሰዉ ያን ሁሉ ድስት በጀርባው ተሸክሞ እናንተ ቤት ደረሰ። አባትሽ ይህን ሲያይ ከለቅሶው ተነሥቶ የመኪናውን ጎማ በእጁ ፈታ። በኋላ ውሰድ ብንለው፣ ብንለምነው፣ ወይ ፍንክች!»

ቤት ገብቼ «ሆን ብለህ ነው የተሳሳተ ልክ የነገርከኝ?» አልኩት። አልካደም።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ልኩን ብነግርሽ ሁሉም ወደ ጋሪው ይመራሽ ነበር። ጎማውን ወስጄ ነገ ሰው ቢሞት በምን ይመጣሉ? ለእኔ ዝናብ ለብሰው መጥተዋል። መኪናው ይቆረጥ፣ ይቆረጥ በቃ!» አለና ድምፁ ተሰበረ።

ልቆጣው ነው ላቅፈው? እኔም አላወቅሁም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ዳኛው ተመለስኩ።

«አባ፣ ቅሬው ለአባሉ ዕቃ ያውሳል አይደል? ለሠርግም ድስት ያውሳል።»

«ያውሳል።»

«እንግዲያው አራት ጎማ አውሱኝ።»

ሳቃቸው መጣና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ቀብሩ አልፏል፤ ነገ ጠዋት ድስቱን ከመለስን በኋላ ውሰጂ። ቫኑም ከእኛ ዕቃ ቤት ግቢ ይቁም፤ ቦታ ሞልቷል። ደንቡን ግን ታውቂያለሽ፤ የቅሬ ዕቃ ታጥቦ ነው የሚመለሰው» አሉኝ።

ሐሙስ ቫኑ ከድንጋይ ወረደ። ፍሬን ስለሌለው የሰፈሩ ወንዶች ድንጋይ ይዘው ግራና ቀኝ አጀቡን፤ ባጃጆቹ ሁሉ ዳር ያዙ። አባቴ መሪውን ጨብጦ «ነይ፣ እናትሽ ቦታ ተቀመጪ» አለኝ። ማንንም አስቀምጦበት አያውቅም ነበር። እስክንደርስ እንባው ጺሙን አርሶት ነበር።

ዕቃ ቤቱ ግቢ እንደቆምን ወንዶቹ «ዛሬ በጎማው ይደር፣ ነገ እንፈታዋለን» አሉት። እኔም ለመንኩት። አልሰማንም። ክሪኩን አስገብቶ የመጀመሪያውን ቡሎን ራሱ ፈታ። አራቱም ከወለቁ በኋላ መሬት ላይ ቁጢጥ አለና ውሃና ሳሙና አምጪ አለኝ።

«አባ፣ ጋሪ ላይ እኮ ነው የሚገባው። ነገ መልሶ ጭቃ ነው» አልኩት።

«የሰው ዕቃ ነው፤ የተዋስነው» አለኝ።

የገዛ ጎማውን እንዲህ እያለ ያጥባል። እኔም ውሃ አፈሰስኩለት።