እሑድ ላይ የሣልሁት የረቡዕ ፀሐይ

ኩሩ ሰው ነኝ። ይህን የምናገረው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ ንስሐውንማ ስንት ጊዜ ገብቼበታለሁ። ባለቤቴ፣ «አንተ ሰው፣ ስትሞት እንኳ ከፈንህን ገልጠህ ‹ያንን ሥዕል አያችሁት?› ሳትል አትቀበርም» ትለኝ ነበር። ትቀልድ እንጂ ውሸቷን አልነበረም።

በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ ብሩሽ አያያዝ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከእኔ በቀር አይገኝም ነበር። ቀበሌው መፈክር ሲያሻው እኔን ይጠራል፤ የገበሬ ማኅበሩ ሰሌዳ ሲያሻው እኔን ይጠራል። መስከረም በጠባ ቁጥር ለአብዮት በዓል የተጨበጠ ክንድ፣ መዶሻና ማጭድ፣ ከጀርባው ደግሞ የምትወጣ ፀሐይ እሥላለሁ። ያለ ፀሐይ የተሣለ አብዮት አላየሁም። ጨረሩን በገመድ እየለካሁ ስለማወጣው አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ ከአንበሳሜ ለገበያ የሚመጣው ሰው አህያውን አቁሞ ያየዋል። በዚህ ሁሉ ግን የወጣልኝ ስም «የመፈክር ሠዓሊ» የሚል ነበር። ያበግነኝ ነበር። ጥበቡን የተማርሁት ዕድሜውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥል ከኖረ አጎቴ ነው፤ እሱ ሲሞት እኔ አንድም መቅደስ አልሣልሁም ነበር።

አንድ ክረምት ታዲያ ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ከሚያስኬድ አንድ የገብርኤል ደብር ቄሰ ገበዙ ቤቴ ድረስ መጡ። የደብሩ ጣሪያ ታድሶ የመቅደሱ ግድግዳ ባዶውን ቀርቷል። ለታኅሣሥ ገብርኤል የሳጥናኤል ውድቀት እንዲሣልበት ይፈልጋሉ፤ መላእክቱ ሲናወጡ ያጸናቸው የደብሩ ታቦት ገብርኤል ነውና። ሰው ሁሉ ሠዓሊ ከጎንደር እንዲያስመጡ ቢመክራቸውም እሳቸው እኔን መርጠዋል። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው፣ «እንግዲህ ልጄ፣ እንዳታሳፍረኝ» አሉኝ። ያ ግድግዳ ካማረ ስሜ ይለወጣል፤ ካላማረ እስከ ዕለተ ሞቴ የመፈክር ሠዓሊ ሆኜ እቀራለሁ። ይህን እሳቸውም እኔም እናውቀው ነበር።

ሦስት ወር ሠራሁ። አቡጀዲውን ወጥሬ፣ በሙጫ አርሼ፣ መላእክቱን በየነገዳቸው አሰለፍሁ። በእኛ አሣሣል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አድርጎ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ኃጢአተኛ ግን ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን ይሣላል። ሳጥናኤል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ይህ ሰው፣ ሰው ማለቴ ይህ መልአክ፣ በዚያች ሰዓት ጻድቅ ነው ወይስ ኃጢአተኛ? ሲፈጠር መልካም ነበር። «እኔ ፈጠርኋችሁ» ሲል ወደቀ። እኔ የምሥለው አፉ ሲከፈት ነው። ሁለት ቀን አስቤ፣ ፊቱን መዞር ሲጀምር ሣልሁት፤ አንዱ ዓይን ሙሉ፣ ሌላው በአፍንጫው ጥግ ግማሹ የተሸፈነ። እንዲህ ያለ ሳጥናኤል አጎቴም አልሣለም።

ከበላይ ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ታየኝ። ቀበሌ ስሠራ ከጣሳ ሥር የተረፈ ቢጫ የዘይት ቀለም ነበረኝ፤ ይዤው ስወጣ ማንም አልጠየቀኝም። በእሱ ፀሐይ ሣልሁ፣ ከነሙሉ ጨረሩ። እንዲህ ያለ ቢጫ በገበያው ዱቄት ቀለም አይገኝም። ቤቱን ሁሉ አበራው።

ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጨርቁን ጠቅልዬ በአህያ ጭኜ ሄድሁ። በዚያ ደብር ሥዕል ግድግዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት የመጻሕፍት መምህሩ ሊሰሙት ይገባል። ሊሰሙት ማለቴ በእውነት ነው፤ የኔታ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ሠዓሊው ሥዕሉን እየዞረ ይናገራል፣ እሳቸው ይጠይቃሉ። ደቀ መዛሙርቱ ጨርቁን ዘርግተው ያዙልኝ፤ እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርሁ። የመላእክቱን ነገድ፣ የክንፋቸውን ቀለም፣ የገብርኤልን አቋቋም ተናገርሁ። የኔታ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳርፈው ያዳምጣሉ።

«ሳጥናኤል ስንት ዓይን አለው?» አሉኝ።

«አንድ ተኩል፣ የኔታ» አልሁና ምክንያቱን ነገርኋቸው።

አገጫቸውን ከመቋሚያቸው አነሡ። ቀጥሎ ፊታቸው በፈገግታ ተፈታ። «ይህን ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝ። እኔው ነኝ» አልሁ፣ ጥያቄው ሳያልቅ። ቄሰ ገበዙ ከጎኔ ሆነው በደስታ ጋቢያቸውን ሲያጣፉ አየሁ። ያን ጊዜ ዝም ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረበት? የኔታ ከበላዩስ ምን አለ ብለው ሲጠይቁኝ ግን ስለ ፀሐዩ በሰፊው ተናገርሁ፤ ጨረሩን በገመድ እንደለካሁት ሳይቀር።

«ሳጥናኤል የወደቀ በምን ቀን ነው?» አሉ የኔታ።

«እሑድ።»

«ፀሐይ የተፈጠረስ?»

ይህን በእኛ አገር ከብት ጠባቂውም ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። «ረቡዕ» አልሁ። ጨርቁን የያዙት ደቀ መዛሙርት ሳቃቸውን ለማፈን ሲታገሉ ሥዕሉ ተንቀጠቀጠ።

ተቆጣሁ። ሥዕል የቀን መቁጠሪያ አይደለም፣ ያማረ ነገር በቤተ ክርስቲያን ቢኖር ማንን ይጎዳል፣ ሥራን ለሠሪው መተው ነው እያልሁ ተከራከርሁ። የኔታ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያስተምሩ አድርገው አስረዱኝ። መላእክት በእሑድ መጀመሪያ፣ ብርሃን ሳይፈጠር በጨለማ ተፈጠሩ። ፈጣሪያቸውም ተሰወረባቸው። ማን ፈጠረን ሲባባሉ ሳጥናኤል ከሁሉ በላይ ነበርና ወደ ላይ ቢያይ ማንንም አጣ፤ ያን ጊዜ እኔ ነኝ አለ። ገብርኤል ደግሞ አምላካችንን እስክናገኝ ድረስ ባለንበት ጸንተን እንቁም አለ። ብርሃን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የእኛ አባት አዳም እንኳ በገነት ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ ያውም መካሪ መጥቶበት ነው የሳተው። ሳጥናኤል ግን መካሪ ሳይኖረው፣ በተፈጠረባት ቀን፣ ጎሕ እስኪቀድ እንኳ አልታገሠም።

«ፀሐይ ካለበት ማን ይስታል?» አሉ በመጨረሻ። «የተፈተኑት ባያዩ ነው። አንተ ብርሃኑን ሰጥተህ ፈተናውን ወሰድህባቸው። አጥፋው ልጄ፤ ጨለማውን አትፍራው።»

ከልጅነታቸው ጀምሮ በጨለማ የኖሩ ሰው ስለ ጨለማ ሲናገሩ ምን ይመለስላቸዋል? ጨርቁን ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። መንገዱን በሙሉ አህያዋን ስሰድብ ሄድሁ።

ባለቤቴ ነገሩን ስትሰማ ሳቀች፤ ኋላ ግን ፊቴን አይታ ተወችው። ጥቁር ቀለም ያን ሰሞን በገበያ የለም። ከኩራዝና ከድስት ሥር ጥላሸት ፋቀችልኝ፤ በሙጫ ለወስሁት። አንድ ነገር አውቅ ነበር፤ የሙጫ ቀለም በዘይት ቀለም ላይ አይዝም። መጀመሪያ ቢጫው ተፍቆ መውጣት ነበረበት። መፋቁ ግን ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ጨርቁም ሊቀደድ ይችላል፤ በዓሉ ደግሞ ደርሷል። ስለዚህ አጎቴ ቢያየኝ እጄን የሚመታበትን ሥራ ሠራሁ። በላዩ ቀባሁበት። ጨረሩ አንድ በአንድ ሲጠፋ አለቀስሁ ማለት አልወድም፤ ጥላሸቱ ዓይኔ ገብቶ ነው።

ታኅሣሥ ገብርኤል ሕዝቡ ሥዕሉን አየ። ሴቶቹ ሳጥናኤልን ሲያዩ አማተቡ፣ ሽማግሌዎቹ ገብርኤል ፊት ቆመው ዋሉ። ቄሰ ገበዙ አላፈሩም። ከዚያ በኋላ ማንም የመፈክር ሠዓሊ ብሎ አልጠራኝም። ከእብናት በኩል፣ ከይፋግም ሳይቀር ሰው ይላክብኝ ጀመር። እኔ ግን ወደዚያ ደብር እግሬን አላነሣም ነበር። ያለባበስሁት ሥራዬ አንድ ቀን እንደሚያጋልጠኝ አውቃለሁና፣ መንገዱ በዚያ ሲወስደኝ እንኳ ከውጭ ተሳልሜ አልፋለሁ።

ስምንት ዓመት ገደማ አለፈ። ደርግ ሊያልቅለት የተቃረበበት ጊዜ ነበር። የኔታ «ይምጣልኝ» ብለው ደቀ መዝሙር ላኩብኝ። እንግዲህ ጉዴ ፈላ አልሁ። ባለቤቴ ቀለምና ብሩሽ እንድይዝ መከረችኝ፤ ያዝሁ።

ከመቅደሱ ግድግዳ ፊት ስደርስ ግን የያዝሁትን ብሩሽ መሬት አኑሬ ቀና አልሁ። ጥላሸቱ እንደፈራሁት ለቋል፤ ግን እንደፈራሁት አልለቀቀም። ተቀርፎ አልወደቀም፣ ሳሳ እንጂ። ጨረሮቹ የሉም። ከመላእክቱ ራስ በላይ፣ ከጨለማው ሆድ ውስጥ፣ ደብዛዛ ቢጫ ነገር ተንሰራፍቷል፤ ገና ያልወጣ፣ ሊወጣ ያለ ንጋት። ጸንተው የቆሙት መላእክት ፊት ላይ ትንሽ ደርሷል። ሳጥናኤል ፊቱን ያዞረው ከዚያ ብርሃን ነው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አልሣልሁም።

የኔታ በደቀ መዝሙር ተመርተው መጡ። አርጅተዋል። ነገሩን ነገሩኝ፤ ተማሪዎቹ ይህን አይተው ተደንቀዋል። ሠዓሊው ከጨለማው በኋላ የሚፈጠረውን ብርሃን አስቀድሞ ከሥር ሰውሮ ያኖረ፣ በዓመታት ውስጥ እንዲገለጥ ያደረገ ጥበበኛ ነው ይላሉ። አንድ የሩቅ አገር መነኩሴም ቆመው አይተው፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው ሄደዋል። የኔታ የሳጥናኤልን ውድቀት ሲያስተምሩ ይህን እንደ ምሳሌ ሊያነሡት ይፈልጋሉ።

«ስለዚህ ከራስህ አፍ ልስማው ብዬ ነው» አሉ። «ሆን ብለህ ነው?»

ተማሪዎቹ ሁሉ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለዋል። የኔታ አያዩም። ጥላሸትና ዘይት እንደማይስማሙ ከእነዚያ ሁሉ አንድም የሚያውቅ የለም። አጎቴ ሞቷል። ቀና ብዬ ወደ ላይ አየሁ፣ የሚከለክለኝ ማንም የለም። «አዎ» ብል ስሜ ከየኔታ ወንበር ለደቀ መዛሙርት፣ ከደቀ መዛሙርት ለአገር ሁሉ ይተላለፋል። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ፈለግሁት፤ እንዲያ አድርጌ የፈለግሁት ነገር ትዝ አይለኝም።

ከዚያ የሳጥናኤልን ግማሽ ዓይን አየሁ። የሣልሁት እኔ ነኝ፤ ወዴት እንደሚዞር አውቃለሁ።

«አይደለም፣ የኔታ» አልሁ። «ፀሐዩን መፋቅ ሰንፌ በላዩ ቀባሁበት። ጥላሸቱ ዘይት ላይ አልያዘም። ብልሹ ሥራ ነው። ላድሰውም ቀለም ይዣለሁ።»

የኔታ መቋሚያቸውን ለደቀ መዝሙሩ ሰጡ። ቀጥሎ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን አገኙት።

«ያን ጊዜ ስለ ዓይኑ ስጠይቅህ ጥያቄውን ሳልጨርስ ነበር የመለስህልኝ» አሉ። «ዛሬ ቆየህ።»

«ቆየሁ፣ የኔታ።»

«መቆምስ ይህ ነው።» ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «ጨለማውን የሣለ ይህ ሰው ነው፤ ብርሃኑ ግን የእሱ አይደለም። እንዲህ ብላችሁ ተናገሩ። አንተም ቀለምህን ይዘህ ወደ ቤትህ ሂድ፤ ሥዕሉን ማንም እንዳይነካው።»

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ለባለቤቴ ሁሉን ነገርኋት። ስለ ንጋቱ፣ ስለ መነኩሴው፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ስለነበረችው ቃል። አንድ ጊዜ አልበቃኝም፤ «አይደለም» ያልሁበትን ቦታ ደግሜ ደጋግሜ አወራኋት፣ ድምፄ እንዴት እንዳልተንቀጠቀጠ ጭምር። እሷ ጥጥ እየፈተለች ታዳምጠኛለች። ሦስተኛ ጊዜ ስጀምር እንዝርቷን አቆመች።

«አንተ ሰው፣ በዚህም ኮራህ?» አለችኝ።

መልሴን አላዘገየሁም። «ኮራሁ» አልኋት።