በምራን የታሰረ ሞላ

የቀይዋ መኪና አፍንጫ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጋራዥ ያለው እንዳላማው ጎንበስ ብሎ አየና ምክንያቱን ወዲያው አወቀው፤ የፊት ሞላዎቿ ደክመዋል። ሞላ የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ፣ ጉድጓድ ሲመጣ እጥፍ ዘርጋ የሚል ጥቅል ብረት ነው። ብረትም ሃምሳ ዓመት ሲሸከም ያጥራል። መኪናዋ ባለ ሁለት ወንበር የድሮ ስፖርት መኪና ናት፤ ጡረተኛዋ መምህርት ወይዘሮ ጤናዬ ከሟች ባላቸው የወረሷት።

አዲሶቹ ሞላዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ጭንቁ ማስገባቱ ላይ ነው። አዲስ ሞላ ረጅም ስለሆነ ቦታው የሚገባው በኃይል ተጨምቆና ታስሮ ነው፤ ማሰሪያው ካመለጠ ይወረወራል። እንዳላማው ይህን ከማንም በላይ ይፈራል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከመዶሻ ሥር የፈነጠረ ስባሪ ብረት ቀኝ ዓይኑን አጥፍቶበታል። የቀረው ግራው ብቻ ነው።

ከተማ ውስጥ ያገኘው መጭመቂያ ለጠባቧ መኪና አልሆን አለው። በዲማ ገበሬ የነበሩትን አባቱን አስታውሶ ስለ ምራን አሰበ። ምራን ሞፈርን ከቀንበር የሚያስር ጥሬ ቆዳ ነው። ግሩም ነገር እኮ ነው፤ ርሶ ሲታሰር እንደ ጨርቅ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ተሰብስቦ ብረት ያህላል። እንዳላማው ሞላዎቹን ከመኪናዋ ውጭ ተራ በተራ በመጫኛ ማሽን፣ በፕሬስ፣ ጨምቆ እያንዳንዱን በሦስት ምራን አሰረ፤ ቆዳው እስኪደርቅም አላወጣቸውም። የግራው በሰላም ገባ። ክሪኩ የጎማውን መያዣ ክንድ ወደ ላይ ገፍቶ ሞላውን አፍኖ ያዘው፤ ከዚያ ምራኖቹ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ ቢላ ተቆረጡ።

ዛሬ የቀኙን ቦታው አስቀምጦ፣ ክሪኩን ሳያነሳ ምሳ ሄደ። ያልታሰበ የሚያዝያ ዝናብ ጣለ፤ በጣራው ቀዳዳ የወረደው ውኃም ሞላው ላይ ሲንጠባጠብ ቆየ። የረጠበ ምራን ይላላል። ለዚህም ነው ገበሬ ሁሉ ክረምት ሲገባ ደጋግሞ የሚያጠብቀው፤ እንዳላማውም ከልጅነቱ ያውቀዋል። ትዝ ያለው ግን ሲመለስ፣ ከሦስቱ አንዱ ተፈትቶ መሬት ወድቆ ሲያይ ነው።

«እትዬ፣ ከበሩ ወዲያ ይሁኑልኝ» አላቸው ሥራውን ሊያዩ የመጡትን ወይዘሮ ጤናዬን።

«ተወው ልጄ። መኪና ነው።»

«ብተወውስ? ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲያ መንገድ ነው፤ ሰው ያልፋል።»

«ሰው ጥራ እንግዲህ።»

«የሚመጣውም ዓይን አለው፣ እትዬ።»

የሞተረኛ ጎረቤቱን ሄልሜት ተውሶ አጠለቀ። «ግማሹ መስታወት ላንተ ትርፍ ነው» አሉት፣ ሊያስቁት።

ክሪኩ ከሞላው የሚርቀው አንድ ክንድ ያህል ነው። እጀታው ላይ ረጅም የውኃ ቧንቧ ሰክቶ፣ ከኋላ ጎማው ጀርባ በሆዱ ተኝቷል። የጎማው መያዣ ክንድ ስድስት ጣት ከተነሳ ሞላው ታፍኖ መውጫ ያጣል። አራት ጣት ተነስቷል። ከቆዳው ጢጥ የሚል ድምፅ በመጣ ቁጥር ይቆማል፤ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ቧንቧውን በቀስታ፣ እጅግ በቀስታ፣ ወደ ታች ይጫነዋል።